ያደግንባት ከተማ አደጋ ሲደርስባት፦ ስለ ናፍቆት የቀረበ ትምህርት

በስደት ለሚኖር ሰው ናፍቆት አዲስ ነገር አይደለም። በዓል ሲመጣ ይበረታል፤ በሥራ ቀን ይረሳል፤ ከሀገር የመጣ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ ይቀሰቀሳል። ነገር ግን ከዚህ ከለመድነው የተለየ፣ አልፎ አልፎ በመካከላችን የሚታይ ሌላ ናፍቆት አለ። ይኸውም የተወለድንባት ወይም ያደግንባት ከተማ በጎርፍ፣ በናዳ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ መመታቷን ከሰማን በኋላ የሚመጣው ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ስለ ከተማው ብዙም ሳያነሣ የኖረ ሰው ወሬውን በሰማ ማግስት እንቅልፍ ያጣል። በልጅነቱ የተመላለሰባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ይቈጥራል። በሥራ ቦታው ተቀምጦ ልቡ ሌላ ቦታ ይሆናል። ኀዘኑን የሚጋራው ሰው ከጎኑ ስለማያገኝም፣ «የቅርብ ዘመድ ሳይሞትብኝ ምን ሆኜ ነው?» እያለ ራሱን ይወቅሳል።

በቅርብ ዓመታት ይህን የሚቀሰቅሱ ወሬዎች ተከታትለው ደርሰውናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናወጥ ቈይቶ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። የእነዚህ አካባቢዎች ተወላጆች በየሀገሩ ተበትነው ይኖራሉ፤ በእኛም ጉባኤ ውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ ይህ ናፍቆት ምን እንደ ሆነ፣ ወዴትስ ሊመራን እንደሚገባ መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ለምሳሌ የምንወስደው በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታውን ጎርፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ግድም ስላለፈ ከትናንቱ ኀዘን ይልቅ ረጋ ብሎ ለመመልከት ይመቻል። ከተማዋንም ብዙዎቻችን እናውቃታለን።

፩. ናፍቆት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉን ሁላችንም እንናገረዋለን እንጂ ወገኑን አናስተውልም። በግእዝ «ነፈቀ» ማለት ከፈለ፣ ለሁለት ለየ ማለት ነው። «መንፈቅ» ግማሽ መሆኑን «መንፈቀ ዓመት» እና «መንፈቀ ሌሊት» ከሚሉት እናውቃለን። «መናፍቅ» የሚባለውም ልቡ ለሁለት የተከፈለ፣ የሚጠራጠር ሰው ነው። የአማርኛው «ናፈቀ» ከእነዚህ ጋር በፊደል አንድ ቤት ነው። እንግዲህ ናፋቂ ማለት ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ የሆነ ሰው ነው ብንል ከቃሉ ጠባይ አንርቅም።

«ትዝታ» ከዚህ ይለያል። ትዝታ ያለፈውን ማሰብ ነው፤ ያለፈው ተመልሶ እንዲመጣ አይጠይቅም። ናፍቆት ግን ይጠይቃል። ያን ሰው ለማየት፣ በዚያ በር ለመግባት፣ ያን ውኃ ለመጠጣት ይሻል። ትዝታ ባለፈ ነገር ላይ ያርፋል፤ ናፍቆት ግን ዛሬም አለ ብለን በምናምነው ነገር ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ የሚሆነውም ይህ ነው፦ ትናንት ናፍቆት የነበረው ሳናስበው በአንድ ሌሊት ትዝታ ይሆናል። «አንድ ቀን ሄጄ አየዋለሁ» እንል የነበረው ቤት የለም። ልባችን ግን ይህን ቶሎ አይቀበልምና የሌለውን እንዳለ አድርጎ መናፈቁን ይቀጥላል። ሕመሙም ከዚህ የተነሣ ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በስዊስ ሀገር በባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከሀገራቸው ርቀው የሚታመሙ ሰዎችን ሁኔታ ገልጾ «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፤ «ኖስቶስ» ወደ ቤት መመለስ፣ «አልጎስ» ሕመም ማለት ነው። ለሆፈር ናፍቆት እውነተኛ በሽታ ነበረ፤ ዋናው መድኃኒቱም በሽተኛውን ወደ ሀገሩ መመለስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ግሌን አልብሬክት የተባለ አውስትራሊያዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጽሑፍ «ሶላስታልጂያ» የሚል ሌላ ስም አስተዋወቀ። ይህኛው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቤቱና አካባቢው ሲለወጡበት የሚሰማው ሕመም ነው። ፈላስፋው ለዚህ ሐሳብ የበቃው፣ በሀንተር ሸለቆ በድንጋይ ከሰል ቁፋሮ መሬቱ የተገለባበጠባቸውን ሰዎች ሁኔታ ተመልክቶ ነው።

እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ስናኖራቸው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። በተመታችው ከተማ የቀሩት ሰዎችና ርቀን ያለነው እኛ የሚሰማን ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም። እነርሱ ያሁኑን በየቀኑ ስለሚያዩ፣ ጭቃውን ስለሚጠርጉ፣ ውኃና ዳቦ ስለሚፈልጉ፣ የቀድሞውን ለማሰብ ፋታ የላቸውም። እኛ ደግሞ የቀድሞውን ብቻ እናያለን፤ ያሁኑ አይታየንም። ሆፈር ያዘዘው መድኃኒትም ለእኛ አይበቃም፤ ወደ ሀገር መመለስ ብንችል እንኳ የምንመለስበት ሰፈር ተወስዷልና። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት መፈለግ አለብን።

፪. ድሬዳዋና ደቻቱ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለባቡር እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ከተማ ተቈረቈረ። ደቻቱ ይህችን ከተማ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን ከዚራ አለ፤ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ ጥላ የታወቀ፣ የባቡር ሠራተኞች የኖሩበት ሰፈር ነው። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ገበያው የሚደምቅበት፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዓረብኛ በአንድ ደጅ ላይ የሚሰማበት ነው። በሙቀቱ ምክንያት ሰው ማታ ማታ ከቤቱ ወጥቶ በራፉ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይተዋወቅ መኖር አይችልም።

ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለበትም። እዚያ ያደግን ሰዎች የምናስታውሰው አሸዋውን ነው። ኳስ ተጫውተንበታል፤ ከከዚራ ወደ መጋላ ስንሻገር በእግራችን አቋርጠነዋል፤ ግመልና ጋሪ ሲያልፍበት፣ ነጋዴም ዕቃውን ሲዘረጋበት አይተናል። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ፣ ሌላ ቦታ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ሰዎች በዳርቻው ጎጆ ቀለሱ። ደረቅ ወንዝ ለዐይን ሜዳ ይመስላልና ብዙ ሰው አላስፈራውም።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በስተደቡቧ ያሉት ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ርቀቱ አጭር፣ ቍልቍለቱም ጽኑ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በላይኛው ደጋ ዘንቦ ጉዳቱ በታችኛው ሜዳ ይሆናል፤ በከተማዋ ብዙ ሳይዘንብ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ተራራው ለማገዶ፣ ለከሰልና ለእርሻ ሲመነጠር ደግሞ፣ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ውኃ አፈርና ድንጋይ እየጠረገ እንዳለ ይወርዳል። ደቻቱ ከዚያ በፊትም በተለያዩ ዓመታት ሞልቶ ጉዳት አድርሶ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. እሑድ ሊነጋ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ በደጋው የዘነበው ከባድ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወረደ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ የቀሩም ብዙ ናቸው፤ ዐሥር ሺህ የሚሆን ሕዝብ ቤቱን አጣ። ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ላጡት መኖሪያ ተሠርቷል፤ በወንዙም ዳር የመከላከያ ግንብ ቆሟል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ለናፋቂ ሰው ከባድ የሆነ እውነት አለ። ኳስ የተጫወትንበትና ጎርፉ የወረደበት አሸዋ አንድ ነው። በልባችን «የልጅነት መስክ» ብለን ያስቀመጥነው ቦታ፣ ለነዋሪው ሌሊት ሞት የመጣበት መንገድ ነው። እኛ ከመናደዱ በፊት የነበረውን ብቻ ይዘን ወጣን። እዚያ የቀረው ሰው ግን ሁለቱንም አይቷል። ስለዚህ ስለ ቦታው ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

፫. የጠፋው ምንድን ነው?

ሰው «ከተማዬ ናፈቀኝ» ሲል ጠጋ ብለን ብንጠይቀው የሚነግረን ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ አይደለም። ማታ በራፍ ላይ ስለ ተቀመጡት፣ ቡና ሲፈላ ስለሚጠሩት፣ ልጅ ሲያጠፋ የራሳቸው ባይሆንም ስለሚቈጡት ሰዎች ነው። ይህን የሚያጠናክር ትምህርት ከሌላ ሀገር እንውሰድ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1972 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ቡፋሎ ክሪክ በተባለ ጠባብ ሸለቆ፣ አንድ የድንጋይ ከሰል ድርጅት የሠራው ግድብ ተደርምሶ 125 ሰዎች ሞቱ፤ 4,000 ያህሉም ቤት አልባ ሆኑ። ይህ የሰው እጅ ያለበት አደጋ ነበረ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሆነው ለተፈጥሮ አደጋም ትምህርት ይሰጣል። መንግሥት ለተረፉት ተንቀሳቃሽ ቤቶች አቀረበ፤ ቤቶቹ የታደሉት ግን ማን የማን ጎረቤት እንደ ነበረ ሳይታይ ነው። ሰዎቹ መጠለያ አገኙ፣ ጉርብትናቸውን ግን አጡ። ካይ ኤሪክሰን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሁኔታውን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1976 መጽሐፍ አሳተመ። እርሱም ሁለት ዓይነት ጉዳት እንዳለ አስረዳ። አንደኛው በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው ሰውን ከሰው በሚያያይዘው ገመድ ላይ የሚደርሰው ነው። ይህ ሁለተኛው እንደ ፈረሰ ቤት ለዐይን አይታይም፤ ስለዚህም የሚጠግነው አያገኝም።

እኛ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ እድራችን ያስተምረናል። በእድር የታቀፈ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ቀብር የሚያስፈጽመው ጎረቤቱ ነው። በጎፋም እንዳየነው፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሲል ነፍሱን እስከ መስጠት ይደርሳል። አደጋ አንድን ሰፈር ሲበትን እድሩም ይበተናል። ስለዚህ በናፍቆት ውስጥ ያለው እውነተኛ ጥያቄ «ቤቱ ቆሟል ወይስ ፈርሷል?» የሚለው ሳይሆን፣ «ሰዎቹ የት ገቡ? ከማን ጋር ይኖራሉ? ማንስ ይጠይቃቸዋል?» የሚለው ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጎርፉ ባይመጣም ከተማዋ እኛ እንደ ተውናት አትቈይም ነበር። አሮጌው ባቡር እንደ ቀድሞው አይመላለስም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከመሐል ከተማው ውጭ ነው። በአሮጌው ለገሃር ዘመድ ሲቀበል የነበረ ሰው ዛሬ ቢሄድ መንገዱን መጠየቅ ይኖርበታል። አደጋው ያደረገው፣ ጊዜ ቀስ እያለ የሚለውጠውን በአንድ ሌሊት ማሳየት ነው።

፬. ከነህምያ የምንማረው

በርቀት ሆኖ የከተማውን መከራ የሰማ ሰው እንዴት ሊሆን እንደሚገባ ከቅዱሳት መጻሕፍት ብንጠይቅ ነህምያን እናገኛለን። ኢየሩሳሌምን ያፈረሳት ጦርነት እንጂ የተፈጥሮ አደጋ አልነበረም። የነህምያ ሁኔታ ግን ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፤ በባዕድ ሀገር፣ በሱሳ ግንብ፣ በንጉሥ ቤት መልካም ሥራ ይዞ ይኖር ነበር። ከሥራው አራት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ በመጣ ጊዜ ነህምያ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ተረፉት ሰዎች ነው፤ ስለ ከተማዋ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የተጻፈ አይመስልም።

ሁለተኛ፣ ወሬውን ሲሰማ ተቀምጦ አለቀሰ፣ አዘነ፣ ጾመ። ኀዘኑን አላፈረበትም። የተወለደበትን ስፍራ ስላጣ የሚያለቅስ ሰው ደካማ ነው የሚል ካለ ከነህምያ ይማር።

ሦስተኛ፣ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፣ አራት ወር ያህል ጠብቆ ለንጉሡ ልመናውን አቀረበ። የሚያስፈልገውንም ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የመንገድ ደብዳቤና ለበሮቹ የሚሆን እንጨት ጠየቀ። ናፍቆቱ ወደ ታሰበበት ሥራ ተለውጧል።

አራተኛ፣ ከደረሰ በኋላ ሦስት ቀን ቈይቶ፣ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ ፍርስራሹን በዐይኑ መረመረ። እስከዚያ ድረስ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ለማንም አልተናገረም። ከዚያም በኋላ ቅጥሩን ብቻውን አልሠራም፤ ነዋሪዎቹ ክፍል ክፍሉን ተካፍለው፣ ብዙዎችም በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠሩ። በ52 ቀንም ተፈጸመ። ከውጭ የመጣው ሰው ዕውቀትና ድጋፍ አመጣ፤ እያንዳንዱን ክፍል የሠራው ግን አጠገቡ የሚኖረው ነው።

፭. ናፍቆት መንገድ ሲስት

ናፍቆት መልካም ሆኖ ሳለ ሊሳሳት ይችላል። ሦስት ስሕተቶችን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያው ተጎጂውን መክሰስ ነው። በቋንቋችን እንዲህ ያለውን አደጋ «መቅሠፍት» ማለት ልማድ ነው። ቃሉ ቅጣት የሚል ትርጉም ስላለው፣ ሳናውቀው የሞቱትን በደለኞች እናደርጋለን። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ያስተማረውን እናስታውስ፤ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ነግሮናል። በደቻቱ ዳር የተኙት ሕፃናት ያጠፉት ጥፋት የለም። የተራራው መራቆትና የቤቱ በወንዝ ዳር መሠራት ምክንያቶች ናቸው፤ ምክንያትን መመርመርና ሙታንን መክሰስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው «ሁሉም እንደ ነበረ ይመለስ» ማለት ነው። የተረፉት ሰዎች ከወንዙ ርቀው ሲሰፍሩ፣ «ሰፈራችን ጠፋ» ብለን ከሩቅ የምናዝን እንኖራለን። ማዘኑ መብታችን ነው። ነገር ግን ለእኛ ትዝታ ሲባል ሌላው ልጁን በጎርፍ መንገድ ላይ እንዲያስተኛ መመኘት አይገባንም። በአንጻሩ ደግሞ፣ ከሥራና ከገበያ ርቀው የሰፈሩ ሰዎች «ወደ ቀድሞው ቦታ እንመለስ» ቢሉ ምክንያታቸውን መስማት አለብን። በሁለቱም በኩል የሚወስነው የእነርሱ ኑሮ እንጂ የእኛ ናፍቆት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው የሁለት ሳምንት ናፍቆት ነው። አደጋው በተሰማ ሰሞን ስልኩ ሁሉ ይጠመዳል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ሻማ ይበራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሌላ ወሬ ይመጣና ይረሳል። ለተጎጂው ግን ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ሲበተኑ ቤቱ እንዴት ጭር እንደሚል ኀዘን ያየ ሁሉ ያውቃል።

፮. ምን እናድርግ?

ምእመናን ሆይ፣ ከዚህ በላይ ከተባለው ተነሥተን በተግባር ልናደርጋቸው የምንችላቸውን በአጭሩ እንዘርዝር።

ሀ/ ከተማው አደጋ የደረሰበትን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን ለቅሶ እንድረስ። «ዘመድ ሞተብህ ወይ?» ብለን ጠይቀን «አልሞተም» ቢለን «እንኳን ተረፉ» ብለን አንለፈው። ሰፈሩን ያጣ ሰው ኀዘንተኛ ነው። ቡና አፍልተን ስለዚያች ከተማ ይንገረን፤ ሲናገር ይቀለዋል። ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለው ወደ ሐኪም እንዲሄድ እናግባባው፤ ይህ ነውር አይደለም።

ለ/ የመርዶን ሥርዓት እንጠብቅ። በባህላችን መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰብስበው፣ ኀዘንተኛው የሚደግፈው ሰው ባለበት ነው። ዛሬ ግን በስልክ የሚላክ ሥዕል ከመርዶ ነጋሪው ይቀድማል። የሟቾችን አስከሬን የሚያሳይ ሥዕል ቤተሰብ ሳይረዳ ከእጅ ወደ እጅ አናስተላልፍ።

ሐ/ ርዳታችንን በጊዜ እናከፋፍለው። የተሰበሰበውን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ከመላክ፣ ከፊሉን ለድንገተኛው ችግር፣ ከፊሉን ለስድስተኛው ወር፣ ከፊሉንም ለሙት ዓመቱ እናቈየው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር፣ ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። በሀገር ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ከዚህ ጭኖ መላክም ብዙ ጊዜ ለማጓጓዣ የሚወጣው ወጪ ከዕቃው ይበልጣል። የሀገሩን ነጋዴም ገበያ ያሳጣዋል። ስለዚህ የሚፈልጉትን ጠይቀን ገንዘቡን መላክ ይሻላል።

መ/ ጎረቤት ከጎረቤቱ እንዳይለያይ እንርዳ። የምንደግፈው የመልሶ ማቋቋም ሥራ ካለ፣ «የአንድ እድር ሰዎች አብረው ይሰፍራሉ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የተበተነ እድር እንደገና እንዲቋቋም ድንኳንና ወንበር መግዛት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ሠ/ በእጃችን ያለውን ሀብት እንስጥ። ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነው። የእናቱ፣ የሠርጉ፣ የልጁ ክርስትና ሥዕል አብሮ ይሄዳል። እኛ ግን ስንሰደድ ይዘናቸው የወጣናቸው፣ በየጊዜውም በፖስታ የተላኩልን ሥዕሎች በየአልበማችን ተቀምጠዋል። በእነዚያ ሥዕሎች ጀርባ የቆሙት ጎረቤቶች፣ ልጆቻቸው ዛሬ አንድም የወላጅ ሥዕል የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። እናገላብጣቸው፤ ማን ማን እንደ ሆነ ከኋላቸው እንጻፍባቸው፤ ቅጂ አሠርተን ለባለቤቶቹ እንላክ። በገንዘብ የማይገዛ ርዳታ ነው፤ ከእኛ በቀር ሊሰጥ የሚችል የለም። የቀድሞዎቹን መንገዶች፣ የሱቆቹንና የዛፎቹን ስም የሚያስታውሱ አረጋውያንም ሳያልፉ ይጻፍላቸው።

ረ/ ልጆቻችንን እናስተምር። እዚህ የተወለደ ልጅ አባቱ ለምን እንዳዘነ ካልተነገረው ኀዘኑን ቍጣ አድርጎ ይተረጕመዋል። ካርታ ዘርግተን ተራራውን፣ ወንዙን፣ ቤታችን የነበረበትን እናሳየው። ውኃው ለምን እንደ ወረደ፣ ዛፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ሲረዳ፣ የአባቱን ሀገር ከዘፈን በላይ ያውቃታል።

ውድ አንባብያን፣ ናፋቂ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው ብለናል። ይህን መከፈል ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት በስደት አይገኝም፤ መኖር አለብን። ነገር ግን እዚያ የቀረው ግማሻችን በሌለ ሰፈር ውስጥ ከሚዞር፣ በሕይወት ካሉት ሰዎች ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል። የፈረሰችውን ከተማ እንደ ነበረች የምናስባት እኛ፣ አሁን ያለችውን ከሚያውቋት ሰዎች ልንማራት ይገባናል። በዚህ ሳምንት ከቀድሞ ሰፈራችሁ የተረፈ አንድ ሰው ፈልጋችሁ ደውሉ፤ ስለ ቤቱ ሳይሆን አስቀድማችሁ ስለ እርሱ ጠይቁት።

ለሞቱት ዕረፍተ ነፍስን፣ ለተረፉት መጽናናትን ይስጥልን። ቸር ወሬ ያሰማን።